ተስፋ ማለት «ይሳካ ይሆናል» ማለት ነው እንዴ? የክርስትናው ተስፋ በቀላል አማርኛ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። በቅርቡ ብሎካችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ልጃቸውን ቀብረው ተመለሱ። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሀል ተተክሏል፣ ሰዉ ግጥም ብሏል። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት፣ መቼም ለማጽናናት ብላ ነው፣ «ተስፋ ያለው ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም» አለቻቸው። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ክንዴን ያዝ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ማልቀሴ ተስፋ መቁረጥ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም እትዬ» አልኳቸው። ግን «አይደለም» ብቻውን መልስ አይሆንም። ተስፋ የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፣ ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ በየስብከቱ አለ፣ ስልካችን ላይ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ተስፋና ምኞት ምን ለያቸው?

ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ የሚጠብቅ ነው። ሌላው ውል ተፈራርሞ፣ ቁልፍ እስኪሰጠው የሚጠብቅ። ሁለቱም እየጠበቁ ነው። ሁለቱም የሰው ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም።

ግን የተደገፉበት ነገር ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የተደገፈው ዕድል ላይ ነው፤ ሊወጣለት ይችላል፣ ላይወጣለትም ይችላል። ሁለተኛው የተደገፈው የተሰጠው ቃል ላይ ነው። እሱም ቢሆን ይጨነቃል፣ «መቼ ይሆን?» ይላል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ጥያቄው ግን «ይደርሰኝ ይሆን?» ሳይሆን «ቃል የገባልኝ ሰው ይታመናል ወይ?» ነው።

ክርስትና ተስፋ የሚለው ሁለተኛውን ነው። ምኞት ከእኛ ይነሳል፤ የምንፈልገውን ነገር እናስባለን፣ ቢሆንልን ደስ ይለናል። ተስፋ ግን ከሌላ ሰው አፍ ነው የሚነሳው። አንድ የተናገረ አለ፤ እኛ ንግግሩን ይዘን እንጠብቃለን። ስለዚህ ተስፋው የሚጠነክረውም የሚደክመውም በተናጋሪው ታማኝነት ነው እንጂ በእኛ የዛሬ ስሜት አይደለም። ጠዋት ተነስቶ ልቡ የከበደው ሰው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ልቡ ከብዶት ውሉን ግን አልቀደደውም።

ቃሉ ራሱ ምን ይነግረናል?

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችን ጠቅሞናል። በእኛ ቋንቋ ተስፋ ሁለት ነገር ነው። «ተስፋ አለኝ» ስንል መጠበቃችንን እንናገራለን። «ተስፋ ሰጠኝ» ስንል ደግሞ ቃል ገባልኝ ማለታችን ነው። «ተስፋይቱ ምድር» የምንለው እግዚአብሔር ለአብርሃም ልጆች እሰጣችኋለሁ ያላቸውን አገር ነው፤ ቃል የተገባባት ምድር ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተስፋ ቃል» የሚለውም ይህንኑ ነው። ጠባቂው የያዘውም ሰጪው የሰጠውም በአንድ ቃል ይጠራል። ሳንማረው የምናውቀው ትልቅ ትምህርት ነው።

«ተስፋ ቆረጠ» የሚለውንም አስተውሉት። የሚቆረጠው ምንድን ነው? ገመድ ነው፣ ክር ነው። በዕብራይስጥ ተስፋን የሚጠራው «ቲቅቫ» የሚለው ቃል ገመድ ወይም ክር ማለትም ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ የእስራኤልን ሰላዮች የደበቀችው ረዓብ ከቤተሰቧ ጋር እንድትድን በመስኮቷ ላይ ያሰረችው ቀይ ፈትል በዚሁ ቃል ነው የተጠራው። ከተማዋ ኢያሪኮ ስትፈርስ ያቺ ሴት በእጇ የነበራት የሰላዮቹ ቃልና አንድ ቀይ ክር ብቻ ነበር።

የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ተስፋን የነፍስ መልሕቅ ይለዋል። እኛ ደገኞች ከባሕር ርቀን ስለምንኖር መልሕቅ ብዙም አይገባንም። መርከብ እንዳትወሰድ በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው የሚጣል ከባድ ብረት ነው። ልብ በሉ፣ የሚይዘው ዓይን የማያየው ቦታ፣ ከታች ነው። ከላይ ያለው ሰው የሚያየው ገመዱን ብቻ ነው። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች «የሚያየውንማ ማን ተስፋ ያደርገዋል?» ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው።

ታዲያ የተገባው ቃል ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ስንሞት ነፍሳችን ገነት ትገባለች» ብለን እናቆማለን። ክርስትና ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በቅዳሴ የሚባለው ጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻው ላይ ምን ይላል? «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን፣ የሚመጣውንም ሕይወት።» በግእዙ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን»። «ንሴፎ» የሚለውና «ተስፋ» የሚለው ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ይህ የእምነት መግለጫ በ325 በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተሟላ ነው፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ዋናው ተስፋ ይህ ነው። ክርስቶስ ተመልሶ ይመጣል፣ ሙታን ይነሳሉ፣ ፍርድ ይሆናል፣ ፍጥረት ይታደሳል። ሥጋም ጭምር ነው የሚነሳው። አፈር የለበሰው ያ ሰው፣ የምናውቀው ፊት፣ የምናውቀው እጅ። ለእትዬ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። «ልጅሽ መንፈስ ሆኖ የሆነ ቦታ አለ» እና «ልጅሽ ይነሳል» አንድ አይደሉም።

የአገራችን ቤተክርስቲያን ይህን መጠበቅ አቆጣጠራችን ውስጥ ሳይቀር አስገብታዋለች። በትውፊታችን አዳም ከገነት ሲወጣ እግዚአብሔር «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» አለው። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና 5500 ዓመት ማለት ነው። ያ ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት። አዎ፣ ፎርም ስንሞላ ከቀኑ ኋላ የምንጽፋት «ዓ.ም.» እሷ ነች። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተክርስቲያን የዘመን ስሌት ማለት ነው፣ ዓመተ ዓለምን (ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን) የሚያሰላ ሰው 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደምራል፤ 2018ን ብትወስዱ 7518 ይመጣል። ያ 5500 የመጠበቂያ ዘመን ነው። በየደብዳቤው፣ በየደረሰኙ «የተጠበቀው መጣ» እያልን ነው የምንፈርመው፣ ባናስተውለውም።

ጾሙም እንደዚያው ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የነቢያትን መጠበቅ የሚያስታውስ ነው። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ደግሞ አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል፤ የሚታሰበው የጌታ ዳግም ምጽአት ነው። አንዱ የመጣውን፣ ሌላው የሚመጣውን ይጠብቃል። ክርስቲያን የቆመው በሁለቱ መሀል ነው።

ያልመጣ ነገር እንዴት እርግጠኛ ይሆናል?

በቀብድ።

ሰፈራችን ውስጥ ሶፋ የሚያሠራ ሰው ቀብድ ይከፍላል። ቀብድ ሙሉው ክፍያ አይደለም፣ ግን ባዶ ወሬም አይደለም፤ ቀሪው እንደሚመጣ የሚያስር እውነተኛ ገንዘብ ነው። ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስን «የርስታችን መያዣ ነው» ያለው በዚህ ስሜት ነው። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል «አራቦን» ነው፣ የገበያ ቃል፣ ከሴማውያን ቋንቋ ወደ ግሪክ የገባ። እኛም ጋ አለ፤ ለመኪና መድን የምንከፍለው «አረቦን» ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

ሌላው ምሳሌ እሸት ነው። እዚህ እኛ ጋ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው በኩል፣ ወቅቱ ሲደርስ ልጆች የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ጨው ጨው ይላል፣ ጣትን ያጣብቃል። ያንን እሸት የበላ ሰው ማሳው ላይ ምን እንዳለ ይጠራጠራል? አዝመራው ገና አልተሰበሰበም፣ ግን ቀምሶታል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «አሁን ግን ክርስቶስ ላንቀላፉት በኵራት ሆኖ ከሙታን ተነሥቶአል» ሲል ይህን ማለቱ ነው። በኵራት የአዝመራው የመጀመሪያ ፍሬ ነው። አንዱ ከተነሳ ማሳው በሙሉ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ለዚህ ነው የክርስትና ተስፋ በሙሉ ትንሣኤ ላይ የተንጠለጠለው። ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ክርስቶስ ካልተነሳ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ሌላ መደገፊያ አላስቀመጠም።

«በሦስት ወር ውስጥ ይሆንልሃል» የሚሉትስ?

ይህን የምጽፈው ከብዶኝ ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤቶቼ ተጎድተውበታል። «በዚህ ወር ቪዛህ ይወጣል»፣ «ከሦስት ወር በኋላ በራስሽ ቤት ነሽ» የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ወሩ አለፈ። ከዚያ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ተባሉ። ሁለት ጊዜ ተመቱ ማለት ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በኤርምያስ ዘመን የባቢሎን ንጉሥ ከኢየሩሳሌም ሰው ማርኮ፣ የቤተ መቅደሱን ዕቃ ዘርፎ ሄዶ ነበር። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ፊት ቆመና «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» አለ። ኤርምያስ መጀመሪያ «አሜን፣ እንዳልከው ያድርግ» አለው፤ እሱም ቢሆን ይፈልገው ነበር። ግን የተሰጠው ቃል ያ አልነበረም። ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ 70 ዓመት ነው የሚለው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተሰደዳችሁባት ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል።

ሁላችንም የምንወደው ጥቅስ፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው፣ ያለው እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ኤርምያስ 29፥11። ከሱ በፊት ያለችው ቁጥር 10 «ሰባው ዓመት» ትላለች። ቁጥር 11ን ለብቻዋ ቆርጠን ግድግዳ ላይ ስንሰቅል ቁጥር 10 ትቀራለች። ያን ደብዳቤ ከተቀበሉት ውስጥ ብዙዎቹ አርጅተው እዚያው ባቢሎን እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ተስፋው ግን ለእነሱም የተጻፈ ነው።

ስለዚህ ለማጣራት ቀላሉ መንገድ «ይህን ቃል ማን ሰጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እግዚአብሔር ሙታን ይነሳሉ ብሏል። ለእኔ መኪና እሰጥሃለሁ ያለበት ቦታ የለም። ሊሰጠኝ ይችላል፣ መለመንም እችላለሁ፤ መለመን ጥሩ ነው። ያ ግን ልመና ነው፤ የተስፋ ቃል አይደለም።

ተስፋ ያለው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል?

ብዙ ሰው ክርስትናን የሚተቸው በዚህ ነው። «ሰማይ ሰማይ እያላችሁ ምድሩን ረሳችሁት» ይሉናል። አንዳንዴ ልክ ናቸው።

ግን አሁንም ኤርምያስን ተመልከቱት። ኢየሩሳሌም ተከባለች፤ የባቢሎን ጦር ቅጥሩ ላይ የአፈር ድልድል ደልድሏል። እሱ ራሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጣና «ዓናቶት ያለውን መሬት ግዛኝ» አለው። ነገ ጠላት የሚወስደውን መሬት! ማን ጤነኛ ይገዛል? ኤርምያስ ግን ገዛ። 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ውል ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አስፈረመ። አንዱን የታተመ፣ አንዱን የተከፈተ ቅጂ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠና «ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑራቸው» አለው። ምክንያቱም «ቤትና እርሻ በዚህች ምድር ደግሞ ይገዛሉ» የሚል ቃል ተሰጥቶታል።

የምወደው ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውሉን ካስረከበ በኋላ ኤርምያስ ይጸልያል፤ ጸሎቱ ውስጥ «ከተማይቱ ለከለዳውያን ተሰጥታ ሳለ አንተ መሬት ግዛ ትለኛለህ» የሚል ጥያቄ አለ። መጀመሪያ ገዛ፣ ከዚያ ጠየቀ። ጥያቄው ተስፋውን አላፈረሰውም። እዚህ የከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች የካርታን ነገር እናውቃለን፤ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልለን፣ ከልብሱ ሥር ነው የምናስቀምጣት። የሱ ፌስታል ሸክላ ነበር።

ከእኛ ብሎክ ደግሞ ውኃውን ልንገራችሁ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። እትዬ በተራችን ቀን ማታ ጀሪካኖቻቸውን ሁሉ ያጥባሉ። ክዳናቸውን ከፍተው ኮሪደሩ ላይ በረድፍ ይደረድራሉ። ቧንቧውን ከፍተው ከሥሩ ባልዲ ያደርጉና ይተኛሉ። ውኃው ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ይተነፍሳል፤ ፍስስ ይላል፣ ይንኳኳል። ያንን ሲሰሙ ብድግ ነው። ውኃውን የሚያመጡት እሳቸው አይደሉም፣ አንዲት ጠብታ ማምጣት አይችሉም። ግን ሳይመጣ በፊት ቤታቸው ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ እንደሚመጣ ይናገራል። ውኃ አይመጣም ብሎ የደመደመ ሰው ጀሪካን አያጥብም።

ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ እዚህ ላይ ይለያያሉ?

በዋናው ነገር፣ ማለትም ክርስቶስ እንደሚመጣና ሙታን እንደሚነሱ፣ አይለያዩም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ኦርቶዶክሱ ለሞተው ሰው ፍትሐት ያስፈታል፣ በአርባው ተዝካር ያወጣል፤ ካቶሊኩም ለሙታን ይጸልያል፤ ፕሮቴስታንቱ ይህን አያደርግም። ፕሮቴስታንቱ «ድኛለሁ» ብሎ በእርግጠኝነት ሲናገር ትሰማላችሁ፤ ኦርቶዶክሱ ደግሞ «በቸርነቱ» ይላል፣ እስከ መጨረሻው ንስሓ መግባትን ያስቀድማል። ሁለቱም ግን ተስፋ መቁረጥን ኃጢአት ይሉታል። ጴጥሮስ ካደ፣ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ይሁዳ ተጸጸተ፣ ብሩን መለሰ፣ ራሱን ግን አጠፋ። ሁለቱም በደሉ። አንዱ ገመዱን አልቆረጠም።

ታዲያ ማልቀስ ተስፋ መቁረጥ ነው?

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ ገና መንገድ ላይ ሳይወጣ ለደቀ መዛሙርቱ «ከእንቅልፉ ላስነሣው እሄዳለሁ» ብሏቸዋል። ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ አልዓዛር ከመቃብር እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ቢታንያ ሲደርስ ግን፣ የአልዓዛር እኅት ማርያም ስታለቅስ፣ አብረዋት የመጡትም ሲያለቅሱ ሲያይ፣ በመንፈሱ አዘነ፣ ታወከ። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል ዮሐንስ። ሰዎቹም «እንዴት ይወደው እንደነበረ እዩ» አሉ። ማንም «ተስፋ ቆረጠ» አላለም።

ለተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውንም በደንብ እናንብበው። «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው የሚለው። «እንዳታዝኑ» ብሎ አላቆመም። ሐዘን አለ፤ ተስፋ የሌለበት ሐዘን አለ፣ ተስፋ ያለበትም ሐዘን አለ። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ይህን ብናውቅ ብዙ ሰው ከመጉዳት እንድን ነበር። ምን እንደምንል ካልገባን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቂ ነው። አጠገባቸው ዝም ብሎ መቀመጥም በቂ ነው።

የልጃቸው አርባ ያለፈው ሳምንት ወጣ። ማታ ሰዉ ከሄደ በኋላ ጥቂት ጎረቤቶች ቀረን፤ እትዬ መጽሐፍ ቅዱሱን ሰጡኝና «ያንን የአልዓዛርን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «እንባውን አፈሰሰ» የሚለው ጋ ስደርስ አለቀሱ፤ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ከዚያ ቀጠልን። መቃብሩ ጋ ሳንደርስ ኩሽና ውስጥ ያለው ቧንቧ ፍስስ ማለት ጀመረ። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና «ቆይ፣ እሱን እንጨርሰዋለን፣ ጀሪካኑን አቀብለኝ» ብለው ተነሱ።